የእኔ ጥቁር፣ የእሷ ቅርንፉድ

እኔ ቡና ስቆላ ጭሱ ከላሊበላ ተነሥቶ ኮን ይደርሳል፣ የኮን ሰዎችም «ዛሬ ደግሞ እዚያ ማዶ ምን ተቃጠለ?» ይባባላሉ ተብሎ ይወራ ነበር። ያወራሁት እኔው ነኝ። ቢሆንም ውሸት ነው ብሎ የተከራከረኝ የለም። ቡናዬ ጥቁር ነበር። ጠይም አይደለም፣ ቀይ ዳማ አይደለም፣ ጥቁር። ፍሬው ወዙን አውጥቶ እንደ ሹም ጫማ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ከምጣዱ አላወርደውም። ስኒ ውስጥ ሲቀዳ ታቹ አይታይም። እንኳን ታቹ ሊታይ፣ አጎንብሶ ያየ ሰው የራሱን ፊት አይቶ ይደነግጣል።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ከተዳርኩ ብዙ ያልቆየሁ፣ ምላሴ ግን ከዛሬው ያላነሰ ወጣት ሚስት ነበርኩ። ባሌ አናጢ ነው። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ዳር ስለሆነ ከቅዳሴ የወጣ ሰው ደጃችንን ሳይረግጥ አያልፍም። የነፍስ አባታችንም እንደዚያው። እሳቸው የሰፈሩ ግማሽ የነፍስ አባት ናቸው፤ ቡና የሚጠጡት ግን እኛ ቤት ብቻ ነበር።

ይህን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። የነፍስ አባት ከቅዳሴ መልስ ማን ቤት አረፍ እንደሚሉ በኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው። ሰው በዚያ ይመዝንሻል። ኩርፈኛሽ እንኳ ሰላም ይልሻል። እኔ የአንገት ወርቅ አልነበረኝም፣ ጥማድ በሬም አልነበረኝም፤ የነበሩኝ እሳቸው ናቸው። ከበሩ ብቅ ሲሉ ከመደቡ ብድግ ብዬ «ይፍቱኝ አባ!» እላለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እስከ ታችኛው ሰፈር እንዲሰማ። እሳቸውም «እግዜር ይፍታሽ ልጄ» ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ቤቴ ቤተ መንግሥት ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው እሷ የመጣችው።

ባሏ የጤና ረዳት ነው። ከወልዲያ ወደኛ ሲዛወር፣ በአንድ ፍራሽና በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን መሐል ተቀምጣ በጭነት መኪና መጣች። ቀበሌው በራችን ፊት ለፊት ያለውን ቤት ሰጣቸው። ሣጥኑን ስትከፍት በበራችን ቀዳዳ አይቻለሁ። ልብስ የሞላው መስሎኝ ነበር። ቅመም ነው! በጨርቅ የታሰረ፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ በጣሳ የታፈነ ቅመም። ያደገችው ከሙስሊም ነጋዴዎች ጋር ግድግዳ ተጋርታ ስለሆነ፣ ቡና በቅርንፉድ፣ በኮረሪማና በዝንጅብል ማፍላት ከእነሱ ተምራ ነው የመጣችው። አቆላሏማ ባይነሣ ይሻላል። ፍሬውን ትንሽ አስደንግጣ ገና የስንዴ መልክ ሲይዝ ታወርደዋለች። እኔ ያንን የቡና ፍሬ ባየሁ ጊዜ አዘንኩለት፤ ሳይቆላ ሊወቀጥ ነው የመሰለኝ።

በመጣች በማግሥቱ እንግዳ ናት ብዬ እንኳን ደህና መጣሽ ልላት ሄድኩ። ስኒዋን ሞልታ ሰጠችኝ። አንዴ ፉት አልኩ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጥርሴን አሞኝ ቢሆን ጥሩ ነበር» አልኳት። በኛ ዘንድ ቅርንፉድ የሚገዛው ጥርሱን የታመመ ነው።

ሳቀች። የራሷ ጥርስ ደግሞ ነጭ፣ የተደረደረ፣ አንድም የጎደለ የለበት። ይህም አናደደኝ።

«ዝንጅብሉስ ተሰማሽ?»

«ጉንፋንም አልያዘኝም።»

«አብሽሪ፣ ይይዝሻል» አለች። «በዚህ በናንተ ብርድ መቼም አይቀርልሽም።»

ቤቴ ተመልሼ ለባሌ «ቡና አይደለም፣ ፋርማሲ ነው» ብዬ ነገርኩት።

«ስንተኛውን ጠጥተሽ መጣሽ?» አለኝ መጋዙን እየሳለ።

«በረካውን።»

«ታዲያ እስከ ሦስተኛው ምን አስቀመጠሽ?»

«እንዳይከፋት ብዬ ነዋ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ባለ ቅርንፉዷ አልኳት። ባሌ ደግሞ «ጓድ ቅርንፉድ» ይላታል። ያኔ ሁሉም ሰው ጓድ ነበር፤ ቅርንፉድም ቢሆን።

አሁን ስለ ቡናው በወጉ ላውራ፤ ቅናቴ ብቻ የሚናገር እንዳይመስላችሁ። ለዕለት ተዕለት የሚሆነው የቱ ነው? በዚህ ጉዳይ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ያልታየ ክርክር አስነሥቶ ነበር። የኔ ቡና የሥራ ቡና ነው። ጠዋት አንድ ስኒ የቀመሰ ሰው እንጨት ፈልጦ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ከሰው ተጣልቶ፣ ታርቆ ገና ረፋድ ነው። ውኃ ቢጨመርበት ቢጨመርበት አይሸነፍም፤ በረካው እንኳ የሌላ ሰው አቦል ያክላል። የእሷ ግን አቦሉ ላይ አበባ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ይደክማል፣ ሦስተኛው ዝንጅብል የታጠበበት ውኃ ነው። ይህንን ማንም አይክደኝም።

ጠላቶቼ ደግሞ የሚሉት ነበራቸው። የኔ ቡና ሆድ ይቆርጣል፣ ምላስ ላይ ይጠብሳል፣ ከአመድ የሚለየው ትኩስ በመሆኑ ነው ይላሉ። ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ያን ጊዜ ቡና እንደልብ አይገኝም። በመንገድ የሚያመጡት ነጋዴዎች በየኬላው ስለሚፈተሹ፣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ገብስ ቆልቶ ይቀላቅል ነበር። ጥቁር አቆላል ለዚህ ይመቻል፤ ከጠቆረ በኋላ ገብሱም ቡናውም አንድ መልክ ነው። እሷ ደግሞ የቡናዋን ማነስ በቅርንፉድ ትሸፍናለች። ከታችኛው ቤት ያሉት ባልቴት፣ ከተዳርኩ ጀምሮ እኔ ቤት ቡና የጠጡት እማማ፣ ይህን አንድ ቀን ፊት ለፊት ነገሩኝ።

«ሁለታችሁም ታታልሉናላችሁ» አሉኝ። «ልዩነቱ፣ የሷ ማታለል ይጣፍጣል።»

«ተዉ እንጂ እማማ!»

«ምን እተዋለሁ? ልቤ ደካማ ነው። ያንቺን ስጠጣ ልቤ እንደ ጋማ ከብት ይጋልባል። የሷን ስጠጣ ይተኛል።»

በማግሥቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በኔ ደጅ በኩል፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ወደሷ ቤት ገቡ። ከዚያ የሳቸው ምራት ተከተለች። ከዚያ የምራቷ ጓደኛ። ከዚያ ባሌ።

አዎ፣ ባሌ። የበሯ ማጠፊያ ወልቋል ብላ ጠርታው ሄደ። የበር ማጠፊያ ለመምታት ስንት ሰዓት ይፈጃል? እኔ በዚያን ቀን አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከዐለት ፈልፍሎ ይመለስ ነበር ብዬ አሰብኩ። ሲመለስ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት።

«ማጠፊያው ቅርንፉድ ይቀባል እንዴ?» አልኩት።

«አንድ ስኒ ብቻ ነው፤ እምቢ ብል ነውር ነው።»

«እንዴት ነበር?»

እንጨት ለስንት ዘመን ያዩ ዓይኖቹን ወደ ጣራው ላከና፣ «ሞቅ… ያደርጋል» አለ። ያቺን «ሞቅ» ሲላት እንዴት አድርጎ እንዳሞቃት! ለሦስት ቀን አላናገርኩትም። እሱ ግን የተኮረፈ መሆኑን ያወቀ አይመስለኝም፤ ቤቱ ጸጥ አለ ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ባል ተመልሶ ይመጣል። እማማም ቢሆኑ ስኳር ከማኅበሩ ሱቅ ያመጣሁ ቀን ይመጣሉ። ሊቻል ያልቻለው ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን የሆነው ነው። የነፍስ አባታችን እንደ ልማዳቸው ከቅዳሴ መልስ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ቡናዬን ሁለት ጊዜ ፉት አሉና ስኒውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«ልጄ፣ ይህቺ ጎረቤትሽ ቡና ውስጥ የምትጨምረው ነገር ምንድን ነው?»

ጀበናውን አስቀመጥኩ። «የት ቀምሰውት ነው አባ?»

«ቤቱ አዲስ ነው፣ ጠበል ይርጩልኝ ብላ ጠርታኝ ነበር። ከረጨሁ በኋላ አቀረበችልኝ።»

ጠበል ይርጩልኝ! እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ስኖር ቤቴን ጠበል ማስረጨት ያልታየኝ ምን ነክቶኝ ነው? ከዚያች ሴት የፈራሁት ቅመሟን ነበር፤ ለካ ጭንቅላቷን ነው መፍራት የነበረብኝ።

«ከኔ ይሻላል አባ?» አልኩ፣ እንደ ቀልድ።

«መሻል መባባስ አላልኩም። ብቻ ለሆዴ ተስማማኝ። ያንቺ ቡና ማሕሌት ለመቆም ይጠቅማል።»

«ይኸው! ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«ማሕሌት በሌለበት ቀንም ያስቆመኛል እኮ ነው የምልሽ።»

ባሌ ሳቁን አፍኖ ወደ ጓሮ ወጣ። ሁዳዴ ከገባ በኋላ አባ አንድ ቀን እኔ ዘንድ፣ አንድ ቀን እሷ ዘንድ መሆን ጀመሩ። ከዚያ አንድ ቀን እኔ ዘንድ፣ ሁለት ቀን እሷ ዘንድ። ቅዳሴ የሚወጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ እኔ ከስምንት ሰዓት ጀምሬ በራችን ላይ ተገትሬ መንገዱን እጠብቃለሁ። ነጭ ጥምጥም ከላይ ብቅ ሲል ልቤ ይመታል። ወደኔ ሲታጠፍ እፎይ፤ ወደሷ ሲታጠፍ የያዝኩትን ማማሰያ በግድግዳው ላይ እሰብረዋለሁ። በዚያ ጾም የሰበርኩትን ማማሰያ ባሌ እየጠረበ ሊተካው አልቻለም።

በመጨረሻ ወሰንኩ። ቅመም ከሆነ ቅመም! እንዲያውም እሷ ያላየችውን። አባን ለአንድ ሐሙስ ለመንኳቸው፣ እማማን ለመንኳቸው፣ ድል ስነሣት በዓይኗ ታይ ብዬ ባለ ቅርንፉዷን ራሷን ጠራኋት። ቅርንፉዱን ከገበያ አገኘሁ። ዝንጅብል አለኝ፣ ኮረሪማ አለኝ። ነገር ግን እሷ ቤት ስጠጣ ስኒው ውስጥ አንድ ቅጠል ሲንሳፈፍ አይቻለሁ። ጤና አዳም መሆን አለበት። የኔን ጤና አዳም ደግሞ ውርጭ መትቶ ጨርሶታል። በሰፈሩ ጤና አዳም ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሷ ደጅ፣ በዘይት ጣሳ ተተክሎ። ልጠይቃት? ከዚያ ይልቅ ወገል ጤና ከተማ ድረስ በእንብርክኬ ብሄድ ይሻለኛል።

ዕቃ ቤት ገብቼ የቅመም ቅርጫቴን ገለበጥኩ። ከታች በኩል በጨርቅ የታሰረ፣ መዓዛው የሚያውድ ደረቅ ቅጠል አገኘሁ። ኮሰረት ነው። ቅጠል ቅጠል ነው አልኩና፣ አንድ ጭብጥ ሙሉ ከኮረሪማው ጋር አብሬ ወቅጬ ጀበናው ውስጥ ጨመርኩት። ቡናውን ግን በራሴ አቆላል፣ ጥቁር አድርጌ ነው የቆላሁት። ሁለቱን አገር አንድ ላይ አደርጋለሁ ብዬ።

ሐሙስ ደረሰ። አባ መጡ፤ እማማ መጡ፤ ባለ ቅርንፉዷ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ባሌም ሥራውን ጥሎ ገባ። አባ አፋቸውን በገብስ ቆሎ ሻሩ። ቀዳሁና ስኒውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ወደ አፋቸው አስጠጉት። ቆሙ። መለሱት።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያለነው ሁዳዴ ውስጥ አይደለም?»

«ነን እንጂ አባ!»

እማማ አፍንጫቸውን ሽቅብ አንሥተው ቤቱን ቃኙና አማተቡ። «በስመ አብ! ቅቤ! ኧረ ቅቤ ነው የሸተተኝ!»

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የታወቀኝ። ኮሰረት ከኮረሪማ ጋር የሚገናኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቅቤ ሲነጠር። ለፋሲካ ዋዜማ በየቤቱ የሚሸተው፣ አገሩን ሁሉ ምራቅ የሚያስውጠው ሽታ እሱ ነው። እኔም ለሳምንታት ቅቤ ያልቀመሱ ሰዎችን ሰብስቤ፣ የነፍስ አባቴን በመሐል አስቀምጬ፣ ያንን ሽታ በጀበና አቀረብኩላቸው። ባሌን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን ወደ ውስጥ ይስባል። ፈገግ ብሏል፣ ቀጣፊው።

«አባ፣ ቅቤ አይደለም! ከቅበላ ወዲህ ቤቴ ቅቤ አልገባም!»

«ጀበናውስ?» አሉ እማማ። «ጀበናው ላይ ቀርቶ ይሆናል።»

«ጀበና ቅቤ ይነጠርበታል እንዴ እማማ?»

«እኔ ምን አውቄ! ያንቺ ቤት ሥራ!» አሉና ስኒውን ወደ ብርሃን አዘንብለው አዩት። «ይኸው! ላዩ ላይ አያብለጨልጭም? እዩት፣ አባ፣ ስቡን እዩት!»

እውነታቸውን ነው፤ ያብለጨልጫል። ጥቁር የተቆላ ቡና ወዝ አለው። ዕድሜ ልኬን የኮራሁበት ወዝ በዚያች ሰዓት መስክሮብኝ ቆመ። አባ ሊነሡ መቋሚያቸውን ሳቡ። እሳቸው በዚህ ነገር ከቤቴ ከወጡ ማንም ዳግመኛ እንደማይገባ አውቃለሁ። በጾም የነፍስ አባቷን ቅቤ ልታበላ የነበረች ሴት! ወሬው ገነተ ማርያም የሚደርሰው ከአባ እግር ቀድሞ ነው። የመቋሚያቸውን ጫፍ ያዝኩ።

ባለ ቅርንፉዷ እጇን ዘርግታ የአባን ስኒ አነሣች። አሸተተችው። ጣቷን ነክራ በምላሷ ነካች።

«ኮሰረት ነው አባ» አለች። «ቅጠሉ ብቻ ነው። ያ የሚያብለጨልጨው የቡናው ወዝ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ አጥቁራ ነው የምትቆላው፣ እማማም ያውቃሉ።»

«በምን እናውቃለን?» አሉ እማማ።

«እኔም ጾመኛ ነኝ። ቅቤ ከሆነ ኃጢአቱ በኔ ይሁን» አለችና፣ እንፋሎቱ እየወጣ እያለ ስኒውን አንድ ጊዜ ጨለጠችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከትኩሱ ይሁን ከጣዕሙ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብላ በጆሮዬ፣ «ጤና አዳም ነበር እኮ። ብትጠይቂኝ እቆርጥልሽ ነበር» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! መዳኔን አትዩ። በማን እንደዳንኩ እዩልኝ። እማማ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዴት ያለሽ ደግ ነሽ» እያሉ ጉንጯን ሳሟት። እኔ ቤት፣ በኔ ጀበና፣ እሷ ተሳመች። ባሌም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ያንን ራስ በዘነዘና ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

አባ ሣቅ አሉ። «አምኜሻለሁ፣ እግዜር ይፍታሽ። ግን ይህን ቡና አልጠጣም፤ ፋሲካን አስታወስሽኝ፣ ልቤ ከጾሙ ወጣ» ብለው ባርከውን ሄዱ። የቀረውን ሁዳዴ በሙሉ እሷ ቤት ጠጡ። እኔም እሷ ቤት ጠጣሁ። ምን ላድርግ? አባ ያሉበት እዚያ ነው። በየቀኑ እሄዳለሁ፣ ከአጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ እንከን እፈልጋለሁ። «ዛሬ ቀጠነ» እላለሁ። «ዛሬ ዝንጅብሉ በዛ» እላለሁ። እሷም «እሺ እህቴ» እያለች ትደግምልኛለች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እሷ ጆሮ ግን እንዳይደርስ። ሲጾም በዋለ ባዶ ሆድ፣ በዚያ በላስታ የተሲያት ብርድ፣ የእሷ ቡና እንደ ጋቢ ነው የሚለብሱት። ጠዋት ግን የኔን የሚተካ የለም። ይህንን አሁንም ቢሆን በመስቀል አስምላችሁ ብትጠይቁኝ እክዳለሁ።

ፋሲካ ሆነ። ያን ቀን ገብስ ሳልቀላቅል፣ ቅመም ሳላስጠጋ፣ ንጹሑን ቡና ከሰል እስኪመስል ቆላሁ። ጀበናውን በአሸዋ ፈትጌ አጥቤዋለሁ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። «ይፍቱኝ አባ!» አልኩ፤ እስከ ታችኛው ሰፈር ሳይሆን እስከ ወልዲያ እንዲሰማ። ተቀመጡ። ቀዳሁ። ተቀበሉኝ።

ከዚያ፣ ከመጠጣታቸው በፊት፣ ስኒውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አሸተቱት። ከዚያ ጠጡ። «ደግ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ተመለሱልኝ። ጠዋት ጠዋት ከማሕሌት መልስ እኔ ዘንድ፣ ከሰዓት በኋላ እሷ ዘንድ ሆኑ፤ ሰፈሩም እንደዚያው ለመደ። እኔ ቤት ግን አንድም ቀን ሳያሸቱ ጠጥተው አያውቁም። ስንት ዓመት ሙሉ! ኮሰረት ከቤቴ ከወጣ ስንት ዘመኑ። እሷ ቤት ደግሞ፣ በራችን ፊት ለፊት ስለሆነ አያለሁ፣ ስኒው እጃቸው ላይ እንዳረፈ፣ ሳያሸቱ ነው ፉት የሚሉት።